ሦስተኛው ቦቴ

ባለፈው ቅዳሜ ሀዋሳ ውስጥ በሚገኝ አንድ የወጣቶች ማዕከል፣ ለክረምቱ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ለተመዘገቡ ወጣቶች ስለ ኢንዶኔዥያ ጉዞዬ እንድናገር ተጋብዤ ነበር። የተሰጠኝ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ሲሆን አዘጋጆቹ በተለይ ፎቶዎቹን እንዳልረሳ አደራ ብለውኛል። ፎቶዎቹን አሳየሁ፤ ፊታችን በሲሚንቶ ተለውሶ አካፋ ይዘን የተነሣነውን፣ ከመንደሩ ሕፃናት ጋር የተቃቀፍነውን፣ በነሐሴ ወር ሰንደቅ ዓላማ በተሰቀለበት መንገድ ላይ የተሰለፍነውን። ተጨበጨበልኝ፤ አንዲት ልጅ እሷም እንዴት መሄድ እንደምትችል ጠየቀችኝ፤ የማመልከቻውን ነገር አስረድቻት ወጣሁ። በባጃጅ ወደ ቤት ስመለስ ግን የተናገርኩት ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ዋናውን ነገር ሳልነካው እንደቀረሁ ታወቀኝ። ዋናው ነገር የውሃ ሒሳብ ነው፤ የውሃ ሒሳብ ደግሞ በፎቶ አይወጣም።

ከጉዞዬ በፊት ስለ ኢንዶኔዥያ የማውቀው ጥቂት ነበር። ከ17,000 በላይ ደሴቶች እንዳሏት ተምሬያለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1955 በባንዱንግ ከተማ በተካሄደው የእስያና የአፍሪካ አገሮች ጉባኤ ከተሳተፉት 29 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ እንደነበረችም አንድ የታሪክ መምህራችን ደጋግመው ይነግሩን ነበር። ከዚያ ውጭ ያለው እውቀቴ ኢንዶሚ ነበር፤ እሱንም ቢሆን ከሰፈራችን ሱቅ ስገዛ ስሙ ከየት እንደመጣ አስቤ አላውቅም። ከአውሮፕላን ትኬቱ ግማሹን አዘጋጁ ድርጅት ሲሸፍን ሌላውን የሸፈነችው እናቴ ናት፤ የእቁብ ዕጣዋን ለክረምቱ እንዲደርስላት ከጎረቤት ጋር ተለዋውጣ። ይህን የምጽፈው ለምስጋና ብቻ ሳይሆን፣ በዚያ መንደርም ሴቶቹ በየወሩ ተሰብስበው የተጠቀለለ ወረቀት ከብርጭቆ እያወጡ ተራ የሚደራረሱበት "አሪሳን" የሚባል ማኅበር እንዳላቸው ሳይ በመጀመሪያ ያሰብኩት እሷን ስለሆነ ነው።

መንደሩ የሚገኘው በጃቫ ደሴት ደቡብ፣ በዮግያካርታ ልዩ ክልል፣ ጉኑንግ ኪዱል በሚባል አውራጃ ውስጥ ነው። ሀዋሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ፣ ይህ አውራጃ ደግሞ በስተ ደቡብ 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆኑ ከወገቡ ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ነው፤ ወቅታቸው ግን ይገለበጣል። ከቤት ስወጣ ታቦር ተራራ አረንጓዴ ለብሶ የሰፈራችን መንገድ በጭቃ ተይዞ ነበር። እዚያ ስደርስ የጠበቀኝ ቀይ አቧራና ድርቁን ለመቋቋም ቅጠሉን ያራገፈ የቲክ ዛፍ ነው።

አካባቢው ዝናብ አጥሮት አይደለም የሚጠማው። በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይጥልበታል፤ ይህ ሀዋሳ ከምታገኘው እጥፍ ያህል ነው። ነገሩ ያለው መሬቱ ላይ ነው። "ጉኑንግ ሴዉ"፣ ማለትም "ሺህ ተራራ"፣ የሚባለው ይህ ምድር በኖራ ድንጋይ ኮረብታዎች የተሞላ ሲሆን፣ የኖራ ድንጋይ በዝናብ ውሃ እየተሟሟ ስለሚቦረቦር የወረደው ውሃ ላዩ ላይ ሳይውል ሳያድር በስንጥቁ ይሰርግና ከምድር በታች ወንዝ ይሆናል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ጂኦፓርክነት የመዘገበው ይህ መልክዓ ምድር ጎብኚውን ያስደንቃል፤ ነዋሪው ግን ደረቁ ወቅት ሲበረታ ውሃ በቦቴ ይገዛል።

እኛ አሥራ ሁለት ወጣቶች ከሰባት አገሮች ተሰባስበን ለአሥራ ስምንት ቀናት የሄድነው በመንደሩ መሰብሰቢያ አዳራሽ ጀርባ 10,000 ሊትር የዝናብ ውሃ የሚይዝ የግንብ ገንዳ ልንሠራ ነበር። የውሃ ምህንድስና ስለተማርኩ ጓደኞቼ እንዳስረዳቸው ጠየቁኝ፤ እኔም ትንሽ ኩራት ቢጤ እየተሰማኝ አስረዳኋቸው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። የአዳራሹ ጣሪያ 60 ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ 170 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲዘንብና አሸንዳው በደንብ ከተገጠመ ገንዳው ይሞላል፤ ይህም ዝናቡ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ማለት ነው። ሒሳቡ ትክክል ነበር። ያላሰላሁት ሌላ ሒሳብ ነበር።

ያረፍኩበት ቤት እመቤት፣ "እናት" እንደማለት "ኢቡ" እያልን የምንጠራቸው፣ በየጠዋቱ ሩዝ፣ ከአኩሪ አተር የሚዘጋጀውን ቴምፔና የፓፓያ ቅጠል ወጥ ያቀርቡልኝ ነበር። ወቅቱ ፍልሰታ ስለነበር እንደምጾም በአስተርጓሚ ስነግራቸው "ፑዋሳ!" ብለው ፊታቸው በራ፤ ሙስሊም ናቸውና ጾምን ማስረዳት አላስፈለገኝም። ዓሣስ ብለው ጠየቁኝ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን የሀዋሳ ክርክር ጃቫ ድረስ ይዤ መሄድ ስላልፈለግሁ ይቅርብኝ አልኳቸው። ከምግቡ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ "ሱዳ ማንዲ?" ታጠብሽ ወይ? በዚያ አገር በቀን ሁለት ጊዜ መታጠብ ወግ ነው፤ ጠዋትና ማታ። መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ በሲሚንቶ የተሠራ ገንዳ አለ፤ ከእሱ በጣሳ እየቀዱ ሰውነት ላይ ማፍሰስ ነው። አቧራውና ሙቀቱ ከባድ ስለነበር እኔም ሳልሰስት አፈሰስኩ። ገንዳው ሁልጊዜ ሙሉ ነበር። ማን እንደሚሞላው፣ ከየት እንደሚሞላው አልጠየቅሁም፤ ሊያውም የውሃ መሐንዲስ ነኝ።

ሊያስጠነቅቀኝ ይገባ የነበረ አንድ ምልክት ግን አይቼ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ተመልሼ በጓዳ በር ስገባ ኢቡ ዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ተቀምጠው ቡናማ ፍርፋሪ የሚመስል ነገር በሙዝ ቅጠል ላይ ይበላሉ። ሲያዩኝ ቅጠሉን አጠፍ አድርገው ሸፈኑት። "ቲዉል" ይባላል። ካሳቫ ተልጦ በፀሐይ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ዱቄቱ ውሃ እየተረጨ በእንፋሎት ይበስላል፤ ሩዝ እንደ ልብ በማይበቅልበት በዚህ የኖራ ድንጋይ ምድር ሰዎች ለዘመናት ክፉ ቀን ያለፉበት ምግብ ነው። ለምን ለእኔም አልሰጡኝም ብዬ ስጠይቅ "ይሄ ለእንግዳ አይሆንም" አሉኝ። ሩዙ የሚገዛ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ለመንኳቸውና ቀመስኩት። ጣዕሙ ከቆጮ ጋር አይገናኝም፤ ግን በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላ ቀን ከቆጮ የሚሠራው ቡርሳሜ የሚነግሥባቸው ቤቶች በሌላ ቀን ለከተማ እንግዳ እንጀራና ዶሮ ወጥ አስቀድመው ቆጮውን ጓዳ ሲያስቀሩ አይቻለሁና፣ ኢቡ ቅጠሉን ሲያጥፉ የእጃቸውን እንቅስቃሴ አውቀዋለሁ። አውቄውም ግን አላሰብኩበትም።

ሥራው በራሱ ብዙ የሚወራለት አይደለም። ጉድጓድ አወጣን፣ ብሎኬት ተሸከምን፣ ፌሮ አሰርን፣ ሲሚንቶ አቦካን። አንድ እሁድ የመንደሩ ወንዶች "ኬርጃ ባክቲ" ለሚሉት የጋራ ሥራ ወጡ፤ እኛ በአራት ቀን የሠራነውን ያህል እስከ እኩለ ቀን ጨርሰው ሻያቸውን ጠጡ፤ ቢሆንም ተራ እየጠበቁ አካፋውን ለእኛ መለስ ያደርጉልን ነበር፣ ምክንያቱም ፎቶ የምናነሣው እኛ ነን። በነሐሴ 11፣ እነሱ እ.ኤ.አ. በ1945 ነፃነታቸውን ያወጁበትን ቀን ሲያከብሩ፣ ቅባት በተቀባ ምሰሶ ላይ የሚወጡትን ወጣቶች እያየን እንደ ልጅ ስንስቅ ዋልን።

በማግስቱ ልስን ጀመርን። የገንዳውን የውስጥ ግድግዳ እስከ ወገብ ድረስ እንደለሰንን፣ ወደ ባሮን ባሕር ዳርቻ የሚወስደን መኪና መጣና አካፋችንን አጥበን ሄድን፤ ጉብኝቱ በመርሐ ግብሩ ላይ ቀድሞ የተያዘ ነበር። መንደሩን ሲያስተባብሩ የነበሩት "ፓ ዱኩህ" ግድግዳውን ነካ አድርገው አንድ ነገር ሊሉ ፈልገው እንደተዉት አስታውሳለሁ። ለጉብኝቱ ግን ክፉ ቃል የለኝም፤ በዕድሜዬ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ አእምሮዬ ላይ የቀረው እሱ ነው። ከመንደሩ ሥር የሚያልፉት የምድር ውስጥ ወንዞች አንዱ ባሮን ላይ ከገደሉ ሥር ብቅ ብሎ ጥርት ያለውን ንጹሕ ውሃ ወደ ጨው ባሕር ያፈሰዋል። ላይ ቤት ሰው ውሃ ይገዛል፤ ታች ውሃው በነፃ ባሕር ይገባል። ይህን ውሃ መልሶ ለማውጣት የተሞከረም አለ፤ ብሪቢን በተባለው ዋሻ ውስጥ የኢንዶኔዥያና የጀርመኑ ካርልስሩኸ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ከመሬት በታች 100 ሜትር ገደማ ላይ ወንዙን ገድበው፣ ውሃው በራሱ ጉልበት ፓምፑን እያዞረ ወደ ላይ እንዲገፋ አድርገዋል። ያን ቀን ማታ ስለዚህ ጉዳይ ለጓደኞቼ ስናገር አመሸሁ። ከመተኛቴ በፊትም ታጠብኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሰማያዊ ታንከር የተጫነበት ቦቴ የኢቡ ቤት በር ላይ ቆሞ በላስቲክ ጎማ ውሃ ወደ ቤቱ ማጠራቀሚያ ሲያወርድ አገኘሁት። የኢቡ የልጅ ልጅ፣ ሰባት ዓመት የሚሆነው፣ በር ላይ ቆሞ ሦስት ጣቱን አወጣልኝ። "ቲጋ" አለ። ሦስት። ከእኛ ጋር ከዮግያካርታ የመጣችው ተማሪ አስተርጓሚያችን ፈገግ አለችና ለመተርጎም አመነታች። ልጁ ደገመው፤ እናንተ ከመጣችሁ ይህ ሦስተኛው ነው፤ በፊት አንዱ ለብዙ ጊዜ ይበቃን ነበር።

አንድ ቦቴ 5,000 ሊትር ይይዛል። ለእኛ ማረፊያ የሆኑት ሦስቱ ቤቶች የሚቀዱት ከዚያው ከኢቡ ማጠራቀሚያ ነበር። ያን ቀን ብሎኬት ላይ ተቀምጬ በእርሳስ አሰላሁት፦ አሥራ ሁለት ሰው፣ በቀን ሁለት ጊዜ መታጠብ፣ የአቧራ ልብስ፣ ሽንት ቤት፣ ዝቅ አድርጌ ብገምት ለአንድ ሰው በቀን 60 ሊትር። በአሥራ ስምንት ቀን 12,960 ሊትር። ለሲሚንቶ ማቡኪያና ለግንቡ ማጠጫ የሄደውን አልጨመርኩም። ገንዳችን ሲሞላ 10,000 ሊትር ይይዛል። ማለትም እኛ ውሃ ልናጠራቅም መጥተን፣ ዝናብ በሌለበት ወር፣ የምንሠራው ገንዳ ከሚይዘው በላይ የተገዛ ውሃ በራሳችን ላይ አፍስሰን ነበር። ድርጅቱ ለቤቶቹ የምግብ ወጪ ይከፍላል፤ ውሃ ግን በሒሳቡ ውስጥ አልተያዘም፤ ማንም ክፉ አስቦ ሳይሆን ዝርዝሩን ያወጣው ሰው ቧንቧ ባለበት ከተማ ተቀምጦ ስለነበር ይመስለኛል።

ኢቡን ጠየቅኋቸው። ውሃው በእኛ ምክንያት አልቆ ነው የገዛችሁት? "ንጊህ፣ ንጊህ" አሉ፤ በጃቫ ቋንቋ አክብሮት ያለው "አዎ" ነው፤ ወዲያው ግን እጃቸውን አወዛውዘው ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም፣ ታጠቢ አሉኝ። አስተርጓሚዋ ኋላ ለብቻችን ስንሆን "ኤዉህ ፔኬዉህ" የሚባል ነገር እንዳለ ነገረችኝ። የሌላውን ሰው ፊት ላለማስቆጣት፣ እንግዳን ላለማሳፈር፣ የሚጎዳህን ነገር እንኳ ዋጥ አድርጎ መሸኘት ነው እያለች ረጅም ማብራሪያ ስትጀምር አቋረጥኳት። ማብራሪያ አያስፈልገኝም ነበር። ይሉኝታ ነው። እኛ በዚህ ቃል ነው ያደግነው።

ይበልጥ ያሳፈረኝም ይኸው ነው። ከሌላ አገር የመጡት ጓደኞቼ ባያውቁ አይፈረድባቸውም፤ እኔ ግን በሌላኛው ወገን ቆሜ አይቼዋለሁ። ሦስተኛ ክፍል እያለሁ የውጭ አገር ወጣቶች መጥተው የክፍላችንን ግድግዳ ቀለም ቀብተውልን ነበር። ያን ግድግዳ ወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ካስቀቡት ዓመት አልሞላውም። ሦስት ቀን ትምህርት ተዘጋ፤ እናቶች ድፎ ዳቦ ጋግረው፣ ቡና አፍልተው፣ ፈንዲሻ በትነው አስተናገዱ፤ እኛ ተሰልፈን ዘመርን። እናቴ የቡናውን ስኒ ያዋሰች ሲሆን ሁለቱ ተሰብረው ተመለሱ። ይህን ሁሉ ለእንግዶቹ የነገረ ሰው የለም፤ እንዴት ተደርጎ ይነገራል? እነዚያ ወጣቶች ዛሬም ፎቶውን ሲያዩ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል፤ ደስታቸውም ሐሰት አይደለም።

ከዚያች ቀን በኋላ በአንድ ጣሳ ውሃና በፎጣ መታጠብ ጀመርኩ፤ ከጓደኞቼ አብዛኞቹም እንዲሁ አደረጉ፤ ገንዘብም አዋጥተን ለቦቴው ልንከፍል ሞከርን። ኢቡ አልተቀበሉም። በመጨረሻ ብሩን የተቀበለው የአሪሳኑ ማኅበር ነው፤ ለማኅበሩ ሲባል ይሉኝታው ትንሽ ይላላል፤ እድርም እንዲሁ አይደል። ነሐሴ 16 ጾሜን ስፈታ ኢቡ ዶሮ አርደው ጠበቁኝ፤ ከጎኑ በትንሽ ሳህን ቲዉል ነበር።

ወደ ሀዋሳ ከተመለስኩ በኋላ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ እዚያ ዝናቡ ከገባ ወር ሲያልፈው፣ ለፓ ዱኩህ በዋትስአፕ ጻፍኩላቸው። ገንዳው ሞላ ወይ? መልሱ ወዲያው መጣ፦ "ንጊህ፣ ምባ። አልሐምዱሊላህ። ማቱር ኑዉን።" አዎ እህቴ፣ አልሐምዱሊላህ፣ እናመሰግናለን። ስልኩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ይህን "አዎ" አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ጥያቄዬን ቀይሬ ለኢቡ ስልክ ላክሁ፤ ለልጁ ነው አልኩ። በገንዳው ውስጥ ያለው የብረት መሰላል ስድስት እርከን አለው፤ ከውሃው በላይ የሚታዩት ስንት ናቸው? በድምፅ መለሰልኝ፤ እየሮጠ ሄዶ ቆጥሮ ስለነበር ትንፋሹ ይሰማል። "ሳቱ፣ ዱዋ፣ ቲጋ።" ሦስት። በሳምንቱም ጠየቅሁት፤ በመካከሉ ኃይለኛ ዝናብ እየጣለ እንደነበር ነግሮኛል፤ አሁንም ሦስት። ውሃው ግማሽ ላይ ደርሶ ይቆማል። በሲሚንቶ ሥራ የቆየ ሰው ይህን ሲሰማ ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ልስን መሃል ላይ ተቋርጦ በማግስቱ ሲቀጠል አሮጌውና አዲሱ በደንብ ካልተያያዙ ውሃው በመጋጠሚያው ይሾልካል። መጋጠሚያው ያለው እስከ ወገብ ነው። ባሮን የሄድን ቀን ያቆምንበት ቦታ። ፓ ዱኩህ ግድግዳውን ነክተው ሊሉ የነበረውን አሁን አውቀዋለሁ።

ለእሳቸው የጻፍኩት ይቅርታ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ እንዳያፍሩ አድርጎ ጥፋቴን ማመን ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ "ያን ቀን የለሰንኩት እኔ ነኝ፣ ሥራው ካልተስተካከለ መምህሬ ይቆጣኛል" ብዬ ጻፍኩ። ሣቁ፤ በጽሑፍም ቢሆን ሣቁ። ደረቁ ወቅት ሲመለስ ውሃውን አውጥተው፣ ስንጥቁን ፈልፍለው እንደገና እንደሚለስኑት ነገሩኝ። የሲሚንቶውን ዋጋ እኛ አሥራ ሁለታችን ልከናል፤ ለአሪሳኑ።

ቅዳሜ ዕለት በማዕከሉ ከተወሰኑት ሥራዎች አንዱ በሀዌላ ቱላ ገጠር የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት እናት ቤት ማደስ ነው፤ ጣሪያው በቆርቆሮ ይቀየራል፣ ግድግዳው በጭቃ ይመረጋል፤ ሃያ አምስት ልጆች ተመዝግበዋል። ትናንት ከሁለት ልጆች ጋር ቤቱን ለማየት ሄድን። እማማ ገና ሳንቀመጥ ቡና ሊያፈሉ ተነሡ። ለሥራው ውሃ ይኖር እንደሆነ አንደኛው ልጅ ሲጠይቃቸው፣ ጎረቤታቸው እየተረጎሙልን፣ "ሞልቷል፣ ምን ጠፍቶ፣ እናንተ ብቻ ኑ" አሉ። ስኒዎቹን ላጥብ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ከበሩ ጀርባ ሁለት ቢጫ ጀሪካን አለ፤ አንዱ ክዳን የለውም፣ ሌላው ግማሽ ድረስ ነው።